የደመወዝ ቦርዱ የት ደረሰ? ለሚኒስትሮች ምክር ቤትና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መስከረም 2018 ዓ.ም.

ክቡራን፣

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 አንድ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር ይቀመጡበታል፤ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን በየጊዜው ይከልሳል። ቦርዱን የሚያቋቁመው ደንብ የሚወጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አዋጁ ከወጣ ስድስት ዓመት ሞላው። ቦርዱ ግን የለም። ቦርዱ ስለሌለ ደግሞ ዛሬ አንድ የግል አሠሪ በወር 1 ሺህ ብር ልክፈል ቢል "ከዚህ በታች አትችልም" የሚለው ሕግ የለም።

እኔ የፔሮል ሠራተኛ ነኝ። ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ የግል ፋብሪካ ውስጥ ደመወዝ እሠራለሁ። ወር በደረሰ ቁጥር የብዙ ሰው ኑሮ በቁጥር ተጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ማን ስንት ቀን እንደቀረ፣ ማን ኦቨርታይም እንደገባ፣ ማን በብድር እንደሚቆረጥበት አውቃለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ችግሩ የአንድ ድርጅት ስላልሆነ ስሙን መጥራት ለማንም አይጠቅምም።

አገሪቱ አድጋለች። ይህን የሚክድ ሰው አይደለሁም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከአስር ዓመት በላይ ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት ወደ 10 በመቶ እየተጠጋ አድጓል። በ1988 ዓ.ም. ከሕዝቡ 45.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። በሃያ ዓመት ውስጥ ድህነትን በግማሽ ያህል መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ ተሠርቷል፣ ጤና ጣቢያው ተከፍቷል፣ ሴፍቲኔቱ በድርቅ ጊዜ ሰው አትርፏል።

ግን የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የኢትዮጵያ የድህነት ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2011 ድረስ፣ ማለትም እድገቱ በጣም በፈጠነበት ጊዜ፣ የመጨረሻው ድሃ አንድ አስረኛ የሚሆነው ሕዝብ ፍጆታው ጭራሽ ቀንሷል። አገር በሙሉ ወደ ላይ ሲሄድ እነሱ ወደ ታች ሄዱ። በከተማና በገጠር መካከልም ልዩነት አለ፤ የኑሮ ደረጃ መራራቁ ከገጠር ይልቅ በከተማ ይብሳል። ፋብሪካውም፣ ሕንፃውም፣ ባንኩም ያለው ከተማ ነው፤ የሀብቱ ርቀት ቁልጭ ብሎ የሚታየውም እዚያው ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ፔሮል ላይ ተከታትለው የተጻፉ ሁለት ሰዎችን ማየት ይበቃል። የማውቃቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦች አሉ። በአንድ ጊዜ ተቀጥረዋል፣ ደረጃቸው አንድ ነው፣ ደመወዛቸው እስከ ሳንቲሙ እኩል ነው። አንዱ በ1997 ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ዕጣ ወጥቶለታል። ሌላኛዋ በ2005 ተመዝግባ እስካሁን ትቆጥባለች። እሱ ባለሁለት መኝታውን አከራይቶ እናቱ ቤት ይኖራል፤ ኪራዩ ከደመወዙ ይበልጣል። እሷ ከደመወዟ ግማሹን ለኪራይ ትከፍላለች። ፔሮሌ ላይ እኩል ናቸው፤ ኑሯቸው ግን በየዓመቱ እየተራራቀ ነው። እሱ ያለው ንብረት ብር ሲረክስ ዋጋው ይጨምራል፣ እሷ ያላት ጉልበት ደግሞ ብር ሲረክስ አብሮ ይረክሳል። ማንም ማንንም አልበደለም። አንዱ ዕጣ ወጣለት፣ አንዷ አልወጣላትም። በዚህ ላይ ከአንድ ኮንዶሚኒየም በላይ ያለውን፣ መሬት ያለውን፣ የባንክ አክሲዮን ያለውን ጨምሩበት። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው በየከተማችን እየሆነ ያለው እንዲህ ነው።

ይህን ሁሉ እናንተ በአንድ ደንብ ታስተካክሉታላችሁ እያልኩ አይደለም። የንብረት ግብር አዋጁ በ2017 ጸድቋል፤ በአግባቡ ከተሠራበት ከላይ ያለውን የሚነካ ነገር ነው። የቤት ኪራይ አዋጁ በ2016 ወጥቷል፤ አከራይ ተከራዩን በፈለገ ጊዜ እንዳያስወጣ ውሉን ቢያንስ ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የጎደለው ከታች ያለው ነው። ንብረት የሌለው ሰው ያለው ደመወዙ ብቻ ነው፤ ለደመወዙ ደግሞ ወለል አላበጀንለትም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ሥራዬ ስለሆነ ታገሡኝ።

አንዲት ሠራተኛ በወር 2,500 ብር ታገኛለች እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ደመወዟ 44 ዶላር ያህል ይመጣል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ አሁን ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ያው 2,500 ብር ከ20 ዶላር በታች ወርዷል። ልብሱ የሚሸጠው በዶላር ነው። ክሩም፣ ጨርቁም፣ ዚፑም ብዙ ጊዜ የሚገዛው በዶላር ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካው ወጪም ጨምሯል፣ ይህን አልደብቅም። ግን ከወጪዎቹ ሁሉ ሙሉ በሙሉ በብር የሚከፈለውና በዶላር ሲሰላ በግማሽ የረከሰው የሠራተኛው ደመወዝ ነው። የምንዛሪ ለውጡን ጫና በሰፊው የተሸከመችው ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ማንም ስብሰባ ጠርቶ "አንቺ ተሸከሚው" አላላትም፤ የሚከለክል ወለል ስላልነበረ ብቻ እሷ ላይ አረፈ።

ዘይቱ፣ ታክሲው፣ መድኃኒቱ ደግሞ አብሮ ወጣ። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ታስቦለታል። ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር አድጎ ነበር፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6 ሺህ ብር ሆኗል። በዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ደስ ብሎኛል፤ መምህሩም ነርሱም ከዚህም በላይ ይገባቸዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በወር ከ6 ሺህ በታች መኖር አይችልም ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ እዚያው ሰፈር እዚያው ግቢ ውስጥ የተከራየችው የፋብሪካ ሠራተኛ በ2,500 እንዴት ትኖራለች? የምትሸምተው ከአንድ ሱቅ ነው። አከራዩ "ደመወዝ ተጨመረ" ሲባል የሰማው በሬዲዮ ነው፤ ለማን እንደተጨመረ ለይቶ ኪራይ አይጨምርም።

6 ሺሁም ቢሆን እጅ ላይ ሲደርስ 6 ሺህ አይደለም። በአዲሱ የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ግብሩ 700 ብር ነው፣ ጡረታው 7 በመቶ ሲሰላ 420 ብር ነው፤ በእጅ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። የ2,500 ብሯ ሠራተኛ ደግሞ ግብር 75 ብር፣ ጡረታ 175 ብር ተቆርጦ 2,250 ብር ይዛ ትወጣለች። በድሮው ሠንጠረዥ ግብሯ 232 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። ቀንሶላታል፤ የቀነሰላትን ማመስገን ተገቢ ነው። ነገር ግን ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሲደረግ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ 2 ሺህ ብር ተደርጎ እንኳ ከ15 ዶላር በታች ነው። ግብሩ የሚጀምርበትም መጠን ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ የሚከለስ ወለል በዘጠኙ ዓመት ውስጥ ምን እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የደመወዝ ወለሉም ሲመጣ እንዲህ ተተክሎ እንዲረሳ አልፈልግም።

ደመወዝ በሚከፈልበት ቀን የማየውን አንድ ነገር ልጻፍ። ልጆቹ ወረቀቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት የመጨረሻውን መስመር አይደለም። የኦቨርታይሙን መስመር ነው። ኦቨርታይም ከሌለ ወሩ እንዳለቀ ያውቁታል። በአዋጁ መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤ ግን የትንሽ ብር አንድ ተኩል እጥፍም ትንሽ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታም እሑድም መግባት ይፈልጋሉ። ትዕዛዝ በቀዘቀዘበት ወር ኦቨርታይም ይቆማል፤ በዚያ ወር የብድር ማመልከቻ ይበዛብኛል። የሚጠይቁት ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ለኪራይ፣ ለልጅ ወተት፣ አንዳንዴ ታሞ ለተኛ አባት የትራንስፖርት። ከወር ወር የሚያደርሳቸው የተቀጠሩበት ደመወዝ ሳይሆን የእረፍት ቀናቸው ነው።

መኖሪያቸውንም አይቻለሁ። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር አንድ ክፍል ለአራት ይከራያሉ። የቀን ሽፍት የምትገባዋ ስትወጣ የሌሊት ሽፍቷ ትገባና እዚያው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። ፍራሹ አይበርድም። አንዷ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ የየሰው ዕዳ ጽፋለች፦ ማን የመብራት ከፈለች፣ ማን የውሃ ቀረባት። ሥራ አላቸው፣ በጠዋት ተነስተው ይሄዳሉ፣ በስታቲስቲክስ ሥራ ፈጠርን ተብሎ የሚቆጠረው ውስጥ ናቸው። ከእጅ ወደ አፍ የሚለው አነጋገር እንኳ ለነሱ ይሰፋል፤ ወሩ ሳይጋመስ እጁ ባዶ ነውና።

ይህ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ ነገር ቀድሞ መጥቶ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፣ ተስፋውም ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባጠናው ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ የመተካት ያህል ሰው እንደሚለቅባቸው ጽፏል። እኔ በፔሮል የማየውም ይኸው ነው። በየወሩ አዲስ ስም እጽፋለሁ፣ በየወሩ የለቀቀ ስም አወጣለሁ። ልጅቷ ማሽኑን ለምዳ እጇ በፈጠነ ጊዜ ትሄዳለች። አሠሪው እንደገና ያሠለጥናል፣ ጥራት ይወርዳል፣ ትዕዛዝ ይዘገያል። ርካሽ የተባለው ጉልበት ለአሠሪውም ውድ ሆኖበታል።

"ወለል ካስቀመጥን ኢንቨስተር ይሸሻል" የሚል ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። በቅን ልቦና የሚናገሩትም አሉ፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስ። ከሐዋሳ ፓርክ ትልቁ የልብስ ገዢ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ሲወጣ የደመወዝ ጥያቄ አልነበረም ያስወጣው። ጦርነቱ ነበር፣ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምንልክበት ዕድል፣ መታገዳችን ነበር። ደመወዛችን ከዓለም ዝቅተኛው ሆኖ ሳለ ሄደ። ደግሞ የምንወዳደራቸውን አገሮች እንይ። ባንግላዴሽ የደመወዝ ቦርድ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የልብስ ሰፊዎችን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ8,000 ታካ ወደ 12,500 ታካ አድርጋለች። ሠራተኛው ጥያቄው ከዚያ በላይ ነበር፣ ሰልፍ ወጥቷል፣ ሰው ሞቷል፤ ግን የሚነጋገሩበት ጠረጴዛ ነበራቸው። ቬትናም አገሯን በአራት ቀጣና ከፍላ ለየቀጣናው የተለያየ ዝቅተኛ ደመወዝ ትወስናለች። ኬንያ ለየዘርፉና ለየከተማው የተለያየ ወለል አላት። እነዚህ አገሮች ወለል ስላላቸው ፋብሪካ አላጡም። የአዲስ አበባና የትንሽ ከተማ ኑሮ አንድ አይደለም የሚል ስጋት ካለ የቬትናም መንገድ እዚያው አለ።

የሚከብደኝ ሌላው ክርክር ነው። የአነስተኛ ነጋዴው። ሁለት ሰው ቀጥሮ ዳቦ የሚጋግር፣ አንድ ረዳት ይዞ ብረት የሚበይድ ሰው እሱም እንደ ሠራተኛው ተጨንቋል። አንድ ቀን ማለዳ ከፍ ያለ ወለል ቢጣልበት ረዳቱን ያሰናብታል ወይም ከመዝገብ ውጭ ያሠራዋል። ስለዚህ ከትልልቆቹ ይጀመር። ከኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ከአበባ እርሻዎች፣ ከትልልቅ ፋብሪካዎች፣ ከሆቴሎችና ከጥበቃ ኤጀንሲዎች። በተለይ የጥበቃና የጽዳት ኤጀንሲዎችን ተመልከቱልኝ። ተቋሙ ለኤጀንሲው በአንድ ሰው የሚከፍለውና ሰውየው እጅ የሚደርሰው ብር በጣም የተራራቀ ነው፤ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በጨረታ የሚያሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መንግሥት በራሱ ጨረታ ሰነድ ውስጥ "ለሠራተኛው ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም" የሚል አንድ መስመር ለማስገባት ቦርድ እንኳ መጠበቅ የለበትም።

የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 ራሱ የቤት ውስጥ ሥራን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንደሚደነገግ ተናግሮ ነበር። የ2011ዱም ይህንኑ ደገመው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። አንድ ደንብ ለሃያ ዓመት ሊዘገይ እንደሚችል ስላየን ነው የደመወዝ ቦርዱ ነገር የሚያስፈራን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን እኩል የኢኮኖሚ ዕድልና ፍትሐዊ የሀብት ክፍፍል እንዲኖር የመሥራት ግዴታ አለበት ይላል። የምጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። አዲስ አዋጅ አልጠየቅሁም፣ በጀት አልጠየቅሁም። አዋጁ ወጥቷል፣ ፓርላማው አጽድቆታል። የቀረው የእናንተ ፊርማ ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህን በየዓመቱ በሜይ ዴይ ሲጠይቅ እሰማለሁ። እናንተም ጥናት እየተጠና ነው ስትሉ እሰማለሁ። ረቂቁ ካለ አውጡትና እናንብበው። ከሌለም መቼ እንደሚዘጋጅ ቀኑን ንገሩን። ቦርዱ ሲቋቋም ማኅበር የሌላቸው ሠራተኞችም የሚወከሉበት መንገድ ይኑር፤ አብዛኛው ሠራተኛ ማኅበር የለውምና። ወለሉ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከሚያወጣው የዋጋ ግሽበት ጋር ተያይዞ በየዓመቱ ይከለስ። የሚጥሰው አሠሪ ላይ የሚጣለው ቅጣት ደግሞ ከሚያተርፈው ያነሰ እንዳይሆን፤ አለበለዚያ ቅጣቱን እንደ አንድ ወጪ መዝገብ ላይ ይጽፈዋል፣ የሚጽፈውም እንደኔ ያለው ሰው ነው።

ቦርዱ ጥናት ሲጀምር መረጃ ከየት ላምጣ ካለ ከፔሮል ክፍሎች ይጀምር። ደረጃው፣ መነሻው፣ ኦቨርታይሙ፣ የለቀቀው፣ የተበደረው፣ ሁሉም በየወሩ ተጽፎ ተቀምጧል። አሠሪዎች ስም እየሰረዙ እንዲያቀርቡ በደብዳቤ ብትጠይቁ በአንድ ሳምንት ይደርሳችኋል። የኛ ፋይል ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግል ፋብሪካ የፔሮል ሠራተኛ